የጋሽ ሐመደኒል በር

ጋሽ ሐመደኒል መሞታቸውን የሰማሁት ማሽላ ውስጥ ቆሜ ነው። ልጃቸው ኢብራሂም ደወለና «አባባ ሄደ» አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። መቀመጥ ፈለግሁ። ከመቀመጤ በፊት ግን ቦታውን በዱላዬ መታ መታ አደረግሁት። ይህን ያስለመዱኝ እሳቸው ናቸው። መርዶ እንኳ ሰምቶ ማሳ ላይ ዝም ብሎ መቀመጥ የለም።

እንዴት ሞቱ ብትሉኝ፣ በቀን፣ በአልጋቸው ላይ፣ እህል ቀምሰው ጋደም እንዳሉ። እባብ አልነደፋቸውም፤ ከርከሮ አልወጋቸውም፤ የበጋ እሳት አልደረሰባቸውም። ዕድሜ ልካቸውን ሁሉን ሲፈሩ ኖረው ከፈሩት አንዱም አላገኛቸውም። በኛ መንደር ስማቸው «ፈሪው ሐመደኒል» ነበር። ኋላ ደግሞ ከዚያ የባሰ ስም ወጣላቸው። ያንን ስም ሳስብ ዛሬም ፊቴ ይግላል። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ሰውየውን እወቋቸው።

እኛ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ሰዎች ልጆች ነን። እኔ የተወለድኩት እዚሁ፣ ከአሶሳ ወደ ሆሞሻ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በስም ሳይሆን በቁጥር በሚጠራ የሰፈራ መንደር ነው። ጋሽ ሐመደኒል የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ሰው ናቸው፤ መሬቱን ከኛ በፊት ያውቁታል። ማሳቸው ከማሳችን ይዋሰናል፤ ድንበሩ አንድ ረድፍ ቀርከሃ ነው። አባቴ ሲሞት እርሻውን ስወርስ እሳቸውንም አብሬ ወረስኩ ማለት ይቻላል።

ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። ጀለቢያቸው አንድ ጊዜ ነጭ የነበረ ይመስለኛል። ከራሳቸው የሚረዝም የቀርከሃ ዱላ ይይዛሉ፤ ወገባቸው ላይ ደግሞ የውሃ ቅል ያንጠለጥላሉ። ወንዙ እዚያው ታች እየፈሰሰ ቅሉን ለምን ይሸከማሉ ሲባሉ «ቢደርቅስ?» ይላሉ። ጫማቸውን ሳያራግፉ አያጠልቁም። ድንጋይ በእጃቸው አያነሱም። «ዓይን ያልገባበት እጅ አይገባም» የምትል አባባል ነበረቻቸው፤ አማርኛቸው ስብርብር ቢልም ይህቺን ግን አሳምረው ነበር የሚሏት። በአማርኛ ወንድና ሴት አይለዩም። ባለቤቴን ዘሀራንም «አንተ» ነበር የሚሏት፤ እሷም በሳቅ «አቤት ጋሼ» ትላቸዋለች።

ማሳ ዳር ሲደርሱ ይቆማሉ። «አሰላሙ ዐለይኩም» ይላሉ ለማሽላው። መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ትንሽ ይቆዩና ዱላቸውን መሬት እያስነኩ ይገባሉ። ገና ልጅ እያለሁ አንድ ቀን «ጋሼ፣ ማንን ነው ሰላም የሚሉት?» አልኳቸው።

«ቤት አለው እሱ» አሉኝ። «ሰው ቤት ዝም ብሎ ይገባል? ያንተ እናት እንደዚህ አስተማረ?»

ማሳቸው ውስጥ ያለውን ሁሉ እንደ ቤተሰብ ያውቁታል። ጃርቷ ስንት ልጆች እንዳሏት፣ ቆቅ የት እንቁላል እንደጣለች፣ አርጃኖው ያንን እንቁላል መቼ እንደሚሰርቅ፣ ሙጭልጭላው በየትኛው ቀዳዳ እንደሚገባ ይነግሩኛል። በድንበራችን የድንጋይ ክምር ሥር የምትኖረውን እፉኝት «ጎረቤት» ነው የሚሏት። አባቴ ሊገድላት ሲነሳ ዱላውን ይዘው «አይጥ ማን ይበላል? አንተ ይበላል?» አሉት።  ይወዷታል ማለት አይደለም። ወላሂ፣ ከመንደሩ ሰው ሁሉ አብልጠው የሚፈሯት እሳቸው ነበሩ።

የሚፈሩ መሆናቸውን አይደብቁም። እኛ ወሎዬዎች ደግሞ ወንድ ልጅ ፈራሁ ሲል መስማት አንወድም። እሳቸው ግን ራበኝ እንደሚል ሰው ዝም ብለው ይናገሩታል። «ፍርሃት ዘበኛ ነው፤ ደሞዝ እንኳ አይጠይቅም» ይላሉ። ሰው ሲስቅ አብረው ይስቃሉ።

ከልማዳቸው ሁሉ የሚያስገርመን ግን የአጨዳቸው ነገር ነበር። ማሽላ ሲያጭዱ ሁልጊዜ በቤቶቹ ወገን ጀምረው ቀስ እያሉ ወደ ወንዙ ይሄዳሉ። በወንዙ ወገን ማንም ሰው እንዲቆም አይፈቅዱም፤ ልጅ እንኳ ቢሆን ያባርራሉ። ያ ወገን «ባብ» ነው፤ በር ማለት ነው በዓረብኛ። አጫጁ ሲገፋ በማሽላው ውስጥ ያለው ፍጥረት ሁሉ እየሸሸ በዚያ በኩል ወደ ቀርከሃው ጫካ ይወጣል። መጨረሻ የቀረችውን ቁራጭ አያጭዷትም፤ አንድ ቀን ያሳድሯታል። «የሚፈራ ነገር መውጫ ካጣ አንተ ላይ ነው የሚወጣ» ይሉኝ ነበር። እኔም እሺ እያልኩ በልቤ እስቅባቸዋለሁ።

ያ የባሰ ስም በወጣላቸው ዓመት፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ግሪሳ መጣ የሚል ወሬ ተነዛ። ግሪሳ ወፍ ያላየ ሰው አይፍረድብኝ። ሰማዩን እንደ ጭስ ሸፍኖ ይመጣና ጠዋት ሙሉ ዛላ የነበረውን ማሽላ ከሰዓት በኋላ ባዶ አገዳ አድርጎት ይሄዳል። ከኛ በታች ያለው መንደር ላይ ወረደ አሉ፤ ነገ ወይ ከነገ ወዲያ እኛ ላይ ነው። የመጀመሪያ ልጃችን ሰሚራ ገና ስምንት ወሯ ነበር፤ የዓመት ቀለባችንም ያ ማሽላ ብቻ ነው። ፍርሃቱ እህል አላስቀምስ ቢለኝ ደቦ ጠራሁ።

የደቦው አውራጅ ይመር ነበር፤ የአባቴ ወዳጅ፣ ሲያዜም ድምፁ ወንዝ የሚሻገር፣ ምላሱም እንደ ማጭዱ የተሳለ። «ሰይዶ፣ በአንድ ወገን ከገባን ሁለት ቀን ይፈጅብናል» አለኝ። «ለሁለት እንከፈልና ከላይና ከታች እንግባ። ጎበዞቹን በጎንና በጎን እናሰልፍ። መሃል ኩይሳው ላይ እንገናኝ፤ የተቀደመው ወገን ይሰደባል።» በኛ ዘንድ ደቦ እንደዚያ ነው፤ ፉክክርና ስድብ ከሌለበት ማጭድ አይነሳም። እኔም «በሉ እንደሱ ይሁን» አልኩ።

ጋሽ ሐመደኒል በማለዳ ማጭዳቸውን ይዘው መጡ። ሰዉ ማሳውን እንደ ቀለበት ሲከበው አዩና ቆሙ።

«ሰይድ፣ ባብ የት ነው?»

«ጋሼ፣ ዛሬ በር የለም። ግሪሳው እየደረሰብን ነው።»

«ግሪሳ እህል ይበላል። እህል ነው እሱ...» ብለው አቋረጡት። ማሽላውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «እኔ አይገባም። እኔ ፈርቷል።»

ይመር ከኋላዬ «ፈሪ ለናቱ!» አለ። ሰዉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እሳቸው ማሳው ዳር ካለው ማንጎ ሥር ሄደው ተቀመጡ፤ ከመቀመጣቸው በፊት መሬቱን በዱላቸው መታ መታ አድርገው።

የሆነው እንዲህ ነው።

ዘሀራ ሰሚራን አዝላ የአጫጁን ምግብ ይዛ ስትመጣ እኔ በታችኛው ወገን ነበርኩ። ማሳው መሃል፣ ኩይሳው አጠገብ አንዲት ዋንዛ አለች፤ ከሷ በቀር ጥላ የለንም። ያን ጊዜ አጫጁ ገና ዳር ዳሩን ነበር፤ ወደ ዋንዛዋ የሚያስገባ ቀጭን መንገድም ነበረ። ዘሀራ እዚያ ገብታ ልጅቱን አጥብታ አስተኛቻት፤ በነጠላ ሸፈነቻት። ወዲያው ከላይኛው ወገን «ውሃ! ውሃ!» ተባለ። ጀሪካኗን አንስታ ስትወጣ ለአንዱ ጎረምሳ «ልጅቱ ዋንዛው ሥር ናት፤ ለሰይድ ንገረው» አለችው። እሱም ዘፈኑን እየተቀበለ ራሱን ነቀነቀላት። የሰማው ነገር ግን አልነበረም። እሷ ልጅቱን እኔ ያነሳኋት መስሏት ውሃ ስታመላልስ አረፈደች፤ እኔ ደግሞ ልጄ ቤት ከእናቴ ጋር የቀረች መስሎኝ ነበር።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኛ ግን ያን ቀን የምናፈሰውንም አላወቅንም።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ማሽላው ከዙሪያው አልቆ መሃል ላይ የሁለት ጎጆ ስፋት ያህል ቀረ። መንገዷ በወደቀ አገዳ ተቀብራለች። ማሽላው ከሰው በላይ ስለሆነ የዋንዛዋ ጫፍ እንጂ ሌላ አይታይም። ያን ጊዜ አይጡ መሮጥ ጀመረ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት፣ ኋላ እግራችን ሥር እንደ ፈሰሰ ባቄላ። ሰዉ እየሳቀ በዱላ ይመታል። ጥንቸል ልትወጣ ብቅ ትልና ሰው አይታ ትመለሳለች። ቆቅ ተነስታ እዚያው ትወድቃለች። በዚህ ሲሉ ሰው፣ በዚያ ሲሉ ሰው። ሁሉም ተመልሶ ወደዚያች ቁራጭ ገባ። አገዳው ነፋስ ሳይኖር ይወዛወዝ ጀመር።

ከዚያ ከውስጥ ከርከሮ አጉረመረመ። ዘፈኑ ቆመ።

«እፉኝት!» አለ አንዱ ወደ ኋላ እየዘለለ። «አሁን በእግሬ ሥር አልፋ ገባች። እንደ ክንዴ ትወፍራለች።»

ማንም ወደፊት የሚራመድ ጠፋ። ማጭድ የያዘ ሠላሳ ወንድ እርስ በርሱ ተያየ። ይመር ላቡን ጠረገና «ምን እንጋፈጣለን? በአንድ ወገን እሳት እንልቀቅበት፤ ራሳቸው ይወጣሉ» አለ። ደግሞ ወደኔ ዞሮ «ጥቂት ዛላ ይቃጠልብሃል» አለኝ።

«ይቃጠል» ያልኩት እኔ ነኝ። በዚህ አፌ።

ክብሪት ወጣ። የመጀመሪያዋ እንጨት ተሰበረች። ሁለተኛዋ ሳትጫር ዘሀራ ጀሪካኗን አዝላ በወንዙ በኩል ብቅ አለች። ማሳውን አየችው። ጀሪካኗ ከጀርባዋ ወረደች።

«ሰሚራን ማን አነሳት?» አለች።

የሷ ድምፅ ጮክ አላለም።   ወደ ዋንዛዋ ጫፍ ስታይ ዓይኗን ተከትዬ አየሁና ነገሩ ገባኝ። ክብሪቱ ከይመር እጅ ወደቀ። ዘሀራ ልትሮጥ ስትል፣ እኔም ልከተላት ስል፣ የቀርከሃ ዱላ በፊታችን ተጋረደ። ጋሽ ሐመደኒል መቼ ከማንጎው ሥር እንደተነሱ አላየሁም።

«ቁጭ በል» አሏት ዘሀራን። «አንተ ከሮጠ እሱም ይሮጣል። ልጅ ላይ ይሮጣል።»

«ጋሼ፣ ልጄ!»

«ቁጭ በል። ሁሉም ቁጭ በል። አፍ ዝጋ።»

እኚያ ሁሉን የሚፈሩ ሰው ሲያዙ ሠላሳ ሰው መሬት ተቀመጠ። በወንዙ ወገን የነበርነውን በእጃቸው ምልክት አስነሱና ወደ ቤቶቹ ወገን አራቁን። የወደቀውን አገዳ በዱላቸው ገፋ ገፋ አድርገው እስከ ቀርከሃው ድረስ ባዶ መንገድ አበጁ። ባባቸውን ከፈቱ። ከዚያ ዞረው በኔ ወገን መጡ። ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል።  «አሰላሙ ዐለይኩም» አሉና ገቡ።

አገዳው ከኋላቸው ተዘጋ። የሚሰማኝ ዱላቸው መሬት ሲነካ ብቻ ነው፤ ጠብ፣ ጠብ። በርታኛ እያወሩ ነበር፤ ለማን እንደሚያወሩ አላህ ይወቅ። ትንሽ ቆይቶ በባቡ በኩል ቆቆቹ ወጡ፣ በእግራቸው፣ ተከታትለው። ጥንቸል ወጣች። ጃርቷ እሾኋን እያንኳኳች ሁለት ልጆቿን አስከትላ ወጣች። አርጃኖው ሆዱን እየጎተተ ሄደ። ከርከሮዋ ስትወጣ ሦስት ግልገሎች ነበሯት፤ ቆማ አየችን፤ ዘሀራ ክንዴን ስትነክሰኝ አልተሰማኝም። ከርከሮዋም ሄደች።

ከዚያ ምንም የሚወጣ ጠፋ። የዱላው ድምፅ ቆመ። ወሬያቸውም ቆመ።

እዚህ አገር የኖረ ሰው ያውቃል፤ ሌላው ሁሉ ይሸሻል፣ እፉኝት ግን አትሸሽም። ባለችበት ትተኛለች። እስክትረገጥ ትጠብቃለች። ሁላችንም ያንን እያሰብን ተቀመጥን። ስንት ጊዜ እንደቆየን አላውቅም። የቀትሩ ሶላት፣ የዙህር አዛን ከመንደሩ መስጊድ ሲሰማ አስታውሳለሁ፤ ሰው ግን አልተነሳም። ልጄ አላለቀሰችም። አለማልቀሷ ነው ነፍሴን ያወጣው። የማውቀው ዱዓ ሁሉ ጠፋብኝ።

በመጨረሻ በባቡ በኩል አንድ ወፍራም ነገር፣ አፈር መስሎ፣ ቸኮል ሳይል በቀስታ ተጎተተና ወደ ቀርከሃው ገባ። ቀጥሎ አገዳው በኔ ወገን ተከፈተ። ጋሽ ሐመደኒል ሰሚራን በነጠላዋ ጠቅልለው አቅፈዋት ወጡ። ተኝታለች። እሳቸው ፊታቸው የሰው ፊት አይመስልም።

እፉኝቷ በልጅቱ እግር በኩል፣ ነጠላው ጫፍ ላይ ተጠቅልላ ነበር ያገኟት። ዱላ ቢያነሱ ትነድፋለች፤ ልጅቱን ቢያነሱ ትነድፋለች። ስለዚህ ከፊቷ ቁጭ አሉ። መሬቱ ረግቶ፣ ጫጫታው ጠፍቶ፣ መሄድ እስክትፈልግ ጠበቋት። ይህን ኋላ ነው የነገሩኝ።

ያን ቀን ሰዉ ሁሉ ያየው ግን ሌላ ነገር ነው። ጋሽ ሐመደኒል ጀለቢያቸው ከወገብ በታች ርሶ ነበር። ይመር ሮጦ ሲደርስ አየና ቆመ። እሳቸውም ምንም ሳያፍሩ «እኔ ፈርቷል። ሸንቷል» አሉ። ሰዉ ጭንቁ ሲለቀው ነው መሰለኝ፣ ከት ከት ብሎ ሳቀ። ሆዱን ይዞ የወደቀም ነበረ። እሳቸው ዱላቸውን አንስተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ግሪሳው በበነጋው በሌላ አቅጣጫ አለፈ። ማሽላችን ተረፈ፤ ልጄም ተረፈች። ለጋሽ ሐመደኒል የተረፋቸው ስም ነው። «እርጥቡ ሐመደኒል» ተባሉ። ይመር በሳምንቱ ሌላ ሰው ደቦ ላይ እንዲህ ብሎ አወጣ፦

በታኅሣሥ ፀሐይ ዝናብ ሳይጥል፣
ከምን ረጠበ ሐመደኒል?

ሠላሳ ሰው ተቀበለ። እኔም እዚያ ነበርኩ፤ እኔም ተቀበልኩ። እሳቸው ከቀርከሃው ወዲያ ማዶ ይኮተኩቱ ነበር፤ ቀና ብለው አዩኝና እጃቸውን አንስተው ሰላም አሉኝ። ሌላ ጊዜ አብረው የሚስቁ ሰው ያን ቀን ግን አልሳቁም። ልጃቸው ኢብራሂም ትምህርት ቤት «የእርጥቡ ልጅ» እየተባለ አደገ። አንድ ሁለቴ ተደባድቧል፤ ኋላ ዝም አለ። እኔ ሥጋ በገዛሁ ቁጥር እልክላቸዋለሁ፣ ማሳቸውን አርስላቸዋለሁ፣ በዒድ ቀን መጀመሪያ የምሄደው እሳቸው ቤት ነው። ማድረግ የሚገባኝን አንዲት ነገር ግን ሳላደርግ ዓመታት አለፉ። ሰሚራ አሁን እናቷን በቁመት ደርሳለች።

ትናንት ለተዕዚያ፣ ልቅሶ ልንደርስ፣ ስንሄድ ዘሀራ መንገድ ላይ «ዛሬም ዝም ልትል ነው?» አለችኝ። ያን ጊዜ ሱሪዬን ያጠበችው እሷ ናት። እስከ ትናንት ነገሩን አንድ ቀን አንስታ አታውቅም ነበር።  

ወንዶቹ ዳሱ ሥር ሰሌን ላይ ተቀምጠናል። ሴቶቹ ወዲያ ናቸው፤ የሚለየን የቀርከሃ ግድግዳ ስለሆነ ሁሉ ይሰማል። ዘሀራም ሰሚራም እዚያ ናቸው። ቁርዓኑ ተቀርቶ ካበቃ በኋላ ሰዉ ስለ ሟች ደግ ደጉን ማውራት ጀመረ። ይመር አርጅቷል፣ ሳሉ አላስወራ ይለዋል፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ የሚያውቀውን ነው የሚያወራው። «አላህ ይማራቸው፤ ፈሪ ይሁኑ እንጂ የዚህን የሰይዶን ልጅ አውጥተዋል» አለ። «ጀለቢያቸውን አርጥበውም ቢሆን አውጥተዋል።» ሰዉ በለሆሳስ ሳቀ፤ በሐዘን ቤት እንደሚሳቅ። ኢብራሂም አንገቱን ደፍቶ ከሰሌኑ ላይ አንድ ጭራሮ ይመዝ ነበር።

ተነሳሁ። 

«ያ ውሃ ነው» አልኩ።

ይመር እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «ምን አልከኝ?» አለ።

«ጀለቢያቸው ላይ የነበረው የቅላቸው ውሃ ነው። የሸናሁት እኔ ነኝ።»

 ከጀመርኩት ወዲያ አፌ አልዘጋ አለኝ። ውስጥ ዝም ያሉ ጊዜ ነው ያመለጠኝ፣ አልኳቸው። ሙቀቱ እግሬ ላይ ሲወርድ ነው ያወቅሁት። ሱሪዬ ካኪ ነበር፤ የማያየው ሰው አይኖርም። ይዘዋት ሲወጡ ከሁሉ በፊት እኔ ደረስኩ። ዓይናቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ጊዜ አዩኝ። ከኋላዬ እናንተ እየሮጣችሁ ነው፤ እኔ ስለጋረድኳቸው አታዩም። ልጄን ሰጡኝና «ታች ያዝ» አሉኝ፤ ሆዴ ላይ ዝቅ አድርጌ አቀፍኳት፤ ነጠላው ሸፈነኝ። የቅሉን ውታፍ በጥርሳቸው ነቀሉና ውሃውን ከወገባቸው ጀምረው በራሳቸው ላይ አፈሰሱት። ጋሼ ምን እያደረጉ ነው ስላቸው «ዝም በል ሰይድ» አሉኝ። «እኔ ለምዷል።»

«ይሄ ነው» አልኩ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ዘፈኑን ስትዘፍኑ ስሙ የኔ ነበር። ተቀብያለሁም። ኢብራሂም፣ አባትህ አልሸኑም። እንዲያ እየፈሩ ገብተው ደረቅ ነበር የወጡት።»

ይመር አንገቱን ደፋ። ከቀርከሃው ግድግዳ ወዲያ ሰሚራ መስማቷን አውቃለሁ። መቀመጥም መሄድም አቃተኝ። ከዚያች ዳስ መውጫው በየት እንደሆነ እንኳ ጠፋኝ፤ ሰው በአራቱም ማዕዘን ተቀምጦ ያየኛል።

ኢብራሂም ቀና ብሎ አየኝ። አባቱን ይመስላል፤ ያንኑ ቁመት፣ ያንኑ ቅጥነት። በመጨረሻ አጠገቡ ያለውን ሰው በክንዱ ገፋ አደረገና እሱም ፈቀቅ አለ። በሰሌኑ ላይ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ተከፈተ።

«ና፣ እዚህ ቁጭ በል» አለኝ።

ሄድኩ። ከመቀመጤ በፊት፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ ቦታውን በዱላዬ መታ መታ አደረግሁት። ማንም አልሳቀም።